ምሽግ የሚመስለው የሱፍ ነጋዴ ቤት

በእንግሊዝ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከዌልስ ጋር በሚዋሰነው በሽሮፕሸር አውራጃ፣ ኦኒ የሚባለው ወንዝ በሚያልፍበት ለምለም ሸለቆ ውስጥ ስቶክሴይ ካስል የተባለ የድንጋይ ቤት አለ። ካስል ማለት ምሽግ ስለሆነ ስሙን የሰማ ሰው የጦር አበጋዝ ቤት ይመስለዋል። ከሩቅ ያየውም ቢሆን አይጠራጠርም፤ ምክንያቱም በስተደቡብ ጫፉ አናቱ እንደ ጥርስ የተሸነሸነ ማማ ቆሟል፣ ዙሪያውን ጉድባ ተቆፍሮለታል፣ ግድግዳውም ወፍራም ነው። ጠጋ ብሎ የመካከለኛውን አዳራሽ የተመለከተ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ጋር የማይገጥም ነገር ያያል። የአዳራሹ መስኮቶች ረጃጅምና ሰፋፊ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ወደ ግቢው ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ጠላት ቢመጣ በሚመጣበት በኩል የተከፈቱ ናቸው። ጉድባውን የተሻገረ ወታደር በእነዚህ መስኮቶች መግባት ብዙም አያዳግተውም ነበር። ከበባን በእውነት የሚፈራ ሰው እንዲህ ያለ መስኮት አይከፍትም።

ቤቱን ለመረዳት የሚያስፈልገው ቁልፍ ያለው በዚህ አለመገጣጠም ውስጥ ነው። ስቶክሴይ የምሽግ ልብስ የለበሰ መኖሪያ ቤት ነው፤ ማማው፣ ጉድባውና ጥርሳሙ የግንብ አናት ከመከላከያነታቸው ይልቅ ለክብር የተሠሩ ሲሆኑ፣ የባለቤቱ ሀብትና የሠራተኞቹ ጥበብ በሙሉ የፈሰሰው ግን በአዳራሹና በጣሪያው ላይ ነው። ቤቱ እንዴት እንደተሠራና ለምን እንዲህ እንደተሠራ ለመረዳት ከባለቤቱ መጀመር ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሙ የመጀመሪያ ክፍል የመጣው የከብት እርባታ ቦታን ከሚያመለክት የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ነው፤ "ሴይ" የሚለው ደግሞ ከ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ቦታውን የያዙት ባላባቶች የቤተሰብ ስም ነው። ዛሬ የሚታየውን ቤት ያሠራው ግን ባላባት አልነበረም። ሎረንስ ይባላል፤ በአቅራቢያው ካለችው ከላድሎው ከተማ የተነሣ የሱፍ ነጋዴ በመሆኑ በታሪክ የሚታወቀው የላድሎው ሎረንስ በሚል ስም ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ዋና የውጭ ንግድ የበግ ሱፍ ነበር፤ በሽሮፕሸርና በዌልስ ተራሮች ላይ የተሸለተው ሱፍ ባሕር ተሻግሮ ወደ ፍላንደርስ የሽመና ከተሞች ይሄድ ነበር። ሎረንስ በዚህ ንግድ ከአገሪቱ ቀዳሚ ባለጸጎች አንዱ ከመሆን አልፎ ለመኳንንትና ለንጉሡ ገንዘብ የሚያበድር ሰው ሆነ። ስቶክሴይን የገዛው በ1281 ነው።

ጊዜውም የታሰበበት ይመስላል። አካባቢው ለብዙ ዘመናት የእንግሊዝና የዌልስ ሰዎች የሚዋጉበት ጠረፍ ስለነበር ሀብታም ነጋዴ ሰፊ መስኮት ያለው ቤት የሚሠራበት ቦታ አልነበረም። ነገር ግን በ1282 መጨረሻ የዌልስ ልዑል ሊወሊን በጦርነት ተገደለ፤ በተከታዩም ዓመት የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ዌልስን አሸንፎ ያዘ። ጠረፉ ሲረጋጋ ሎረንስ ግንባታውን ጀመረ። ሕንፃው በአብዛኛው ከተጠናቀቀ በኋላ በ1291 ንጉሡ ቤቱን በምሽግ መልክ እንዲሠራ ፈቃድ ሰጠው። በጊዜው በነበረው ልማድ ማንም ሰው የቤቱን ግንብ አናት በጥርስ ቅርጽ ለማስጌጥ የንጉሥ ፈቃድ ያስፈልገው ነበርና ፈቃዱ ራሱ እንደ ሹመት ደብዳቤ የሚቆጠር ክብር ነበረው። ሥራው ካለቀ በኋላ ፈቃድ መጠየቁ ሎረንስ የፈለገው ደኅንነትን ብቻ ሳይሆን ስምንም እንደነበር ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ግንባታው በእነዚህ ዓመታት መካሄዱ የታወቀው በእንጨቱ ነው። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ የዝናቡና የሙቀቱ ሁኔታ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይም ቀለበቱ አንዳንዴ ሰፊ አንዳንዴ ጠባብ ይሆናል። የሰፊውና የጠባቡ ቀለበት ቅደም ተከተል በአንድ አካባቢ ባሉ ዛፎች ሁሉ ላይ ስለሚመሳሰል፣ ከአሮጌ ቤት ወራጅ ላይ ቀጭን ናሙና ወስዶ አስቀድሞ ከተዘጋጀው የቀለበት መዝገብ ጋር የሚያስተያይ ባለሙያ ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት ሊናገር ይችላል። የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ አናጢዎች ይጠቀሙበት የነበረው ኦክ የተባለ እንጨት ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክርና ለመጥረብ ስለሚያስቸግር በእርጥቡ፣ ማለትም በተቆረጠበት ዓመት ወይም በሚቀጥለው ይሠሩበት ነበር። ስለዚህ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ቤቱ ከተሠራበት ዓመት ብዙም አይርቅም። በስቶክሴይ የተገኘው መልስ ወደ 1280ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽና እስከ 1290 መግቢያ ድረስ ያመለክታል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። አሠራሩን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ቀላል የሚሆንበት አንድ ምክንያት አለ፤ ቋንቋችን እልፍኝና አዳራሽ የሚሉ ቃላት አሉት፤ የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጌታ ቤትም የተዋቀረው በእነዚሁ ሁለት ነገሮች ነው። አዳራሹ ሰው ሁሉ የሚገባበት፣ ግብር የሚበላበት፣ ሙግት የሚሰማበትና አገልጋዮች የሚያድሩበት ሰፊ ክፍል ነው። እልፍኙ ደግሞ ጌታውና ቤተሰቡ ከሕዝቡ ተለይተው የሚቀመጡበት ክፍል ነው። በስቶክሴይ ሕንፃዎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፤ በሰሜን ጫፍ አንድ ማማ፣ ከዚያ አዳራሹ፣ ከአዳራሹ ቀጥሎ እልፍኙ ያለበት ባለደርብ ክፍል፣ በመጨረሻም ታላቁ የደቡብ ማማ ይከተላል። ከእነዚህ ፊት ለፊት ግቢው አለ። ወጥ ቤቱ እሳት እንዳያዛምት ተብሎ በግቢው ውስጥ ለብቻው የተሠራ ነበር፤ በ1800 አካባቢ ስለፈረሰ ዛሬ አይታይም።

ግድግዳው የተሠራው ከአካባቢው በወጣ ድንጋይ ነው። የላድሎው አካባቢ መሬት ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የባሕር ወለል ነበር፤ በዚያ የተጠራቀመው ደቃቅ ደለል ተጭኖ ድንጋይ ሆኗል። ይህ ድንጋይ በንብርብር ስለሚሰነጠቅ ግድግዳ ለመደርደር ይመቻል፤ ነገር ግን ስለታም ማዕዘንና ስስ ቅርጽ ለማውጣት አይመችም። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ቤት ላይ ሁለት ዓይነት የድንጋይ ሥራ ይታያል፤ ሰፊው የግድግዳ ገጽ ካልተጠረበ ወይም በጥቂቱ ብቻ ከተመታ ድንጋይ ሲሠራ፣ የበርና የመስኮት ዙሪያ እንዲሁም ቅስቱ ግን ለዚሁ ተመርጦ በጥንቃቄ በተጠረበ ድንጋይ ይሠራል። የጠራቢ ዋጋ ከገንቢ ዋጋ ስለሚበልጥ አሠሪው ጥርቡን ድንጋይ የሚያውለው ዓይን በሚያርፍበትና ጭነት በሚበዛበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሲታይ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተነባበረ ይመስላል፤ እንዲያ ግን አይደለም። ግንበኞቹ በመጀመሪያ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎችን፣ አንዱን ለውጭ ገጽ አንዱን ለውስጥ ገጽ፣ ጎን ለጎን ያነሣሉ፤ በመካከል የሚቀረውን ክፍተት ደግሞ በፍርስራሽ ድንጋይና በኖራ ይሞሉታል። ሁለቱ ገጾች ተለያይተው እንዳይተረተሩ በየተወሰነው ርቀት ረጃጅም ድንጋዮች ከገጽ ወደ መሃል ዘልቀው ይገባሉ። እንዲህ ያለ ግድግዳ በራሱ ክብደት ይቆማል፤ ወደ ታች ለሚጫነው ነገር የሚበገር አይደለም። ድክመቱ ወደ ጎን ለሚገፋው ኃይል ነው። ይህን ድክመት ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ስለ ጣሪያው ስንነጋገር ይመለሳልና።

ድንጋዮቹን የሚያያይዘው ኖራ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። የኖራ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል በውስጡ ያለው የካርቦን ጋዝ ይወጣል፤ የቀረው ነጭ ነገር ውሃ ሲነካው እየፈላ ይለዝባል። ይህ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋዮች መካከል ከገባ በኋላ ያንኑ ያጣውን ጋዝ ከአየር ላይ ቀስ በቀስ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ጉዞው ዘገምተኛ ነው፤ በወፍራም ግድግዳ ልብ ውስጥ ያለው ኖራ ለመጠንከር ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። መዘግየቱ ግን ጥቅም አለው። ሕንፃው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመሬቱ ላይ ሲረጋና ጥቂት ሲንቀሳቀስ ኖራው አብሮት ይተጣጠፋል፤ ቀጭን ስንጥቅ ቢፈጠርም ሰርጎ የሚገባው ውሃ ኖራውን እያሟሟና መልሶ እያረጋ ስንጥቁን ሊደፍነው ይችላል። ከዚህም በላይ ኖራ እርጥበትን አያግትም። ዝናብ በሚበዛበት በምዕራብ እንግሊዝ ግድግዳ መራሱ የማይቀር ስለሆነ ዋናው ጉዳይ የገባው እርጥበት በምን በኩል ይወጣል የሚለው ነው፤ በኖራ በተሠራ ግድግዳ የሚወጣው በድንጋዮቹ መገናኛ በኩል ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ ብዙ አሮጌ ቤቶች በሲሚንቶ የተጠገኑት ይህን ባለመገንዘብ ነበር። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይልቅ የጠጠረና ውሃ የማያሳልፍ በመሆኑ በግድግዳው ውስጥ ያለው እርጥበት መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ ገጽ በኩል ለመውጣት ይገደዳል፤ በክረምት ወራት ውሃው ወደ በረዶ ሲለወጥና ሲያብጥ የድንጋዩን ገጽ እየላጠ ይጥለዋል። ውጤቱም ሲሚንቶው እንደ አጥር ጎልቶ ቀርቶ ድንጋዩ የተቦረቦረበት ግድግዳ ነው። ጠንካራውን ነገር ለጥገና መምረጥ ለማንም ሰው ተገቢ ይመስላል፤ በአሮጌ ግንብ ላይ ግን ማያያዣው ከሚያያይዘው ድንጋይ እንዲለሰልስ የሚፈለገው እየተበላ ድንጋዩን እንዲያተርፍ ነው። ማያያዣን መተካት ይቻላል፣ የ13ኛውን መቶ ዓመት ድንጋይ ግን መተካት አይቻልም።

አዳራሹ 16.6 ሜትር ርዝመትና 9.4 ሜትር ስፋት አለው። ርዝመቱ ለግንበኛ ችግር አይደለም፤ ግድግዳን የፈለጉትን ያህል ማስረዘም ይቻላል። ችግሩ ስፋቱ ነው። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሾጣጣ ጣሪያ ሲሠራ ወራጆቹ አናት ላይ ተገናኝተው በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ያርፋሉ። የጣሪያው ክብደት ወደ ታች ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ያለ ችግር በተሸከመው፤ ነገር ግን ሁለት ካርታዎችን አናት ላናት አገናኝቶ ጠረጴዛ ላይ ለማቆም የሞከረ ሰው እንደሚያውቀው እግሮቻቸው ወደ ውጭ መንሸራተት ይፈልጋሉ። ጣሪያም እንዲሁ ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ክዳኑ ከባድ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ ይብሳል። የድንጋይ ግድግዳ የሚደክመው ደግሞ እንዲህ ላለው የጎን ግፊት እንደሆነ ከላይ ተመልክተናል።

የዘመኑ አናጢዎች ለዚህ ሁለት የተለመዱ መፍትሔዎች ነበሯቸው። የመጀመሪያው በአዳራሹ ውስጥ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ረድፍ ምሰሶዎችን አቁሞ ጣሪያውን በእነርሱ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ይህ ሲሆን ግን አዳራሹ ለሦስት ይከፈላል፣ ምሰሶውም የገበታውን እይታ ይጋርዳል። ሁለተኛው የሁለቱን ግድግዳዎች አናት በአግድም ግንድ ማሰር ነው፤ ይህም ለዚህ ስፋት የሚበቃ ረጅምና ወፍራም ግንድ ይፈልጋል፣ የአዳራሹንም ከፍታ ይቆርጠዋል። የስቶክሴይ አናጢ ሁለቱንም አልመረጠም። በምትኩ ሦስት ታላላቅ የእንጨት ቅስቶችን ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጋ። የቅስቶቹ እግር በእንግሊዝ አናጢዎች ቋንቋ ክራክ የሚባለው ነው፤ ክራክ ማለት በተፈጥሮው የታጠፈ ግንድ ተመርጦ የግድግዳ ቋሚንና የጣሪያ ወራጅን ሥራ አንድ ላይ እንዲሠራ የሚደረግበት ስልት ነው። ጥንዶቹን እግሮች ከፍ ብለው የተቀመጡ አግዳሚ እንጨቶች ያያይዟቸዋል፤ በአግዳሚዎቹ ላይ ግን በዚህ መጠን ባለ ጣሪያ የሚጠበቁት ቀጥ ያሉ ደጋፊ ቋሚዎች የሉም።

የዚህ ስልት ጥበብ ግፊቱን ወደ ታች ማውረዱ ላይ ነው። የክራኮቹ እግር በመጀመሪያው አሠራር በግድግዳው ጥግ እስከ መሬት ድረስ ይወርድ ነበር፤ በመሆኑም የጣሪያው ጭነት ግድግዳውን በደካማው አናቱ ላይ ከመግፋት ይልቅ ወደ መሠረቱ ይሄዳል። ዛሬ የሚታየው ግን ከዚህ ይለያል፤ የእግሮቹ የታችኛው ክፍል ስለሌለ በ19ኛው መቶ ዓመት ከግድግዳው በወጡ የድንጋይ ተሸካሚዎች ላይ እንዲያርፉ ተደርጓል። ጎብኚ ተሸካሚዎቹን ሲያይ የመጀመሪያው ሥራ አካል ሊመስሉት ይችላሉ፤ እንዳይሳሳት ማወቅ ይገባዋል። እንጨቶቹ የተጋጠሙት የአንዱን ጫፍ አጥብቦ በሌላው ላይ በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ በመሰካትና በእንጨት ችካል በማጥበቅ ነው። እርጥቡ እንጨት ሲደርቅ ስለሚጨማደድ መጋጠሚያው ከዓመት ወደ ዓመት ይጠብቃል እንጂ አይላላም።

መስኮቶቹ ደግሞ ለአናጢው ተጨማሪ ፈተና ሆነውበታል። ከግድግዳው ቁመት አልፈው ወደ ጣሪያው ስለሚዘልቁ በእያንዳንዳቸው ላይ ትንሽ ሾጣጣ ጣሪያ በተለየ ተሠርቶላቸዋል፤ ከግቢው ሲታዩ አዳራሹ በተርታ የቆሙ ቤቶች የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። መስኮት ማለት በግድግዳ ላይ የተተወ ክፍት ቦታ ስለሆነ ጭነቱ ሁሉ በመስኮቶቹ መካከል ባለው ድንጋይ ላይ ይወድቃል፤ ሦስቱ ቅስቶች የቆሙትም በእነዚሁ መካከል ነው። እንግዲህ የግንበኛውና የአናጢው ሥራ ገና ከመሠረቱ ተነጋግረው ያሰመሩት አንድ ዕቅድ መሆን ነበረበት። መስታወት ውድ በነበረበት በዚያ ዘመን የአዳራሽ መስኮት የላይኛው ክፍል ብቻ መስታወት ሲኖረው የታችኛው በእንጨት መዝጊያ መዘጋቱ የተለመደ ነበር፤ መዝጊያው ሲከፈት ብርሃኑም ብርዱም አብረው ይገባሉ።

ምድጃው በአዳራሹ ወለል ላይ ስምንት ማዕዘን ሆኖ የተሠራ ክፍት ምድጃ ነው። ጭስ ማውጫ የለውም። ጭሱ ወደ ላይ እየወጣ በከፍተኛው ጣሪያ ሥር ይከማችና ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ወራጆቹም በዚሁ ጭስ ጠቁረዋል። የጣሪያው ከፍታ ለግርማ ብቻ የተሠራ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ጭሱ ከተቀመጡት ሰዎች ራስ በላይ እንዲቆይ ቦታ ያስፈልገው ነበር። በጭስ ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል።

ወደ እልፍኙ የሚወጣው ከአዳራሹ ውስጥ ሳይሆን በውጭ በኩል ባለ ደረጃ ነው። እልፍኙ ግድግዳ ላይ የተሠራ ምድጃና ጭስ ማውጫ አለው፤ ይህ ብቻውን በዚያ ዘመን የትልቅ ሰው ክፍል መሆኑን ይናገራል። ከምድጃው ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በእነርሱ በኩል ጌታው ወይም እመቤቲቱ ሳይታዩ አዳራሹን ወደ ታች መመልከት ይችሉ ነበር። ከምድጃው በላይ ያለው ባለ ብዙ ቅርጽ የእንጨት ሥራና ግድግዳውን የሸፈነው ሳንቃ ግን የሎረንስ ዘመን አይደለም፤ በ17ኛው መቶ ዓመት የተጨመረ ነው። ዛሬ የእንጨቱ ቀለም ብቻ የሚታይ ቢሆንም በስንጥቆቹ ውስጥ የቀይ፣ የአረንጓዴ፣ የነጭና የወርቅ ቀለም ርዝራዥ ስለተገኘ በጊዜው የደመቀ እንደነበር ታውቋል።

የሰሜኑ ማማ ከሁሉ ያስገርመኛል። የታችኛው ክፍል ድንጋይ ነው፤ የላይኛው ደርብ ግን ከእንጨት ማዕቀፍ ተሠርቶ ከድንጋዩ ግድግዳ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ደርብ የሚቆመው የወለሉ አግዳሚዎች ከግድግዳው አልፈው እንዲወጡ ስለሚደረግ ነው፤ በጫፋቸው ላይ የሚያርፈው የውጭ ግድግዳ ክብደት በመካከል ወለሉ እንዳይጎብጥ ወደ ላይ ያነሣዋል። ክፍሉ ይሰፋል፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃም ከሥር ካለው ድንጋይ ይርቃል። ከጦር መከላከያ አንጻር ግን በማማ አናት ላይ የእንጨት ክፍል መሥራት ለእሳት መጋበዝ ነው፤ ሎረንስ ይህን አለማወቁ የማይመስል ነገር ነው። በአዳራሹ፣ በእልፍኙና በዚህ ማማ እንጨቶች ላይ አናጢዎቹ ግንዶቹን ለማገጣጠም የጫሯቸው ምልክቶችና የአሠራራቸው መመሳሰል ሦስቱም በአንድ ዋና አናጢ መሪነት እንደተሠሩ ያመለክታሉ። ስሙ ግን አልተጻፈም፤ የቀረው ምልክቱ ነው።

ማማ የሚለው ስም በእውነት የሚገባው ለደቡቡ ነው። ማዕዘኖቹ ያልተስተካከሉ፣ ባለ ሦስት ደርብና ባለ ወፍራም ግድግዳ ሲሆን፣ በአናቱ ላይ ያሉት ጥርሶች ቀስት መወርወሪያ ቀዳዳ አላቸው። ንጉሥ ኤድዋርድ በዚያው ሰሞን በሰሜን ዌልስ ያሠራቸውን ታላላቅ ምሽጎች እንዲመስል ታስቦ የተሠራ ነው የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ ከአዳራሹ ርቆ በሚታይ ቦታ መቆሙ ይህን ያጠናክራል። ነገር ግን ይህ ጠንካራ መሳይ ማማ የራሱ ድክመት ነበረበት። ደረጃዎቹና መጸዳጃዎቹ የተሠሩት በግድግዳው ውፍረት ውስጥ በመሆኑ ግድግዳው በየቦታው ሳይመጣጠን ባዶ ሆነ፤ በዚህም የተነሣ ሁለት ትላልቅ ደጋፊ ግንቦች እንዲቆሙለት አስፈለገ።

ሎረንስ ቤቱን ብዙ አልተደሰተበትም። በ1294 ንጉሡ ለፈረንሳይ ጦርነት ገንዘብ ሲያስፈልገው በሱፍ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ በከረጢት ከ6 ሺሊንግ ከ8 ፔኒ ወደ 40 ሺሊንግ ከፍ አለ፤ በዚህ ስምምነት ውስጥ የሎረንስ እጅ ነበረበት። ነጋዴዎቹ የቀረጡን ሸክም ለሱፍ አምራቾቹ ዝቅተኛ ዋጋ በመክፈል ወደ እነርሱ ስላዞሩት ጥላቻ አተረፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሱፍና ገንዘብ ጭኖ ባሕር ሲሻገር መርከቡ በሳፎክ ጠረፍ ሰጠመ፤ እርሱም ሞተ። በደንስታብል የነበሩ መነኮሳት በታሪክ መዝገባቸው ላይ በሱፍ የበደለ በሱፍ በተሞላ መርከብ ሰጠመ የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። የሐዘን ቃል አይመስልም።

ከዚያ በኋላ ለ350 ዓመታት ያህል ቤቱ ላይ መሠረታዊ ለውጥ አልተደረገበትም። በ1640 እና በ1641 ገደማ በጊዜው ባለቤት የነበሩት የክሬቨን ቤተሰብ የግቢውን በር አዲስ አድርገው ሠሩ፤ የሠሩት ግን በድንጋይ ሳይሆን በእንጨት ማዕቀፍና በልስን ነው፣ በበሩም ላይ የአዳምና የሔዋን ቅርጽ ይታያል። በሩ የሚያምር እንጂ የሚከላከል አይደለም። የሚገርመው ወዲያው የእርስ በርስ ጦርነት መነሣቱ ነው፤ በ1645 የፓርላማው ጦር ሲመጣ በውስጡ የነበረው አነስተኛ የንጉሥ ጦር ብዙም ሳይዋጋ እጁን ሰጠ። ሌላ ቦታ አሸናፊዎቹ ምሽጎችን በባሩድ ሲያፈርሱ በስቶክሴይ ግን በዋናነት የግቢውን ረጅም አጥር ግንብ ዝቅ በማድረግ ብቻ አለፉት። ሰፋፊዎቹ መስኮቶች የአዳራሹን ሕይወት ያተረፉት ይመስለኛል፤ ማንም እንደ ምሽግ አልፈራውም።

ቤቱ ኋላ ላይ ለገበሬዎች ተከራየ፤ አዳራሹ የእህል ጎተራ፣ ማማው የበርሜል ሠሪ ሥራ ቦታ ሆነ፤ በ1830 እሳት ተነሥቶ የደቡቡን ማማ ውስጡን አቃጠለው። ይህ ሁሉ ጉዳት ነው። ነገር ግን ሀብታም የሚኖርበት ቤት በየትውልዱ ይታደሳል፤ መስኮቱ ይለወጣል፣ አዳራሹ በደርብ ይከፈላል፣ ክፍቱ ምድጃ ጭስ ማውጫ ይገባለታል። የስቶክሴይን አዳራሽ ለእኛ ያቆየው ለማደስ የሚበቃ ፍላጎት ያለው ባለቤት ማጣቱ ነው። ፍራንሰስ ስታክሃውስ አክተን የምትባል የታሪክ ቅርስ ወዳድ በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ እንዲጠገን ግፊት አደረገች፤ በ1869 ርስቱን የገዛው የእጅ ጓንት ነጋዴ ጆን ደርቢ ኦልክሮፍት ደግሞ ጥገናውን ቀጠለ። ኦልክሮፍት አሮጌውን ቤት ለራሱ እንዲመች ከመለወጥ ይልቅ በአቅራቢያው ስቶክሴይ ኮርት የተባለ የራሱን አዲስ ቤት በ1889 ማሠራት ጀመረ። ከ1992 ጀምሮ ቅርሱን የሚጠብቀው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የተባለው የእንግሊዝ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ነው።

ዛሬ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ወንበርም ገበታም አልገባበትም። በሰሜናዊው ጫፉ ወደ ማማው የሚያወጣ የእንጨት ደረጃ አለ፤ እርከኖቹ ከሳንቃ ያልተሰነጠቁ፣ ከሙሉ ግንድ የተጠረቡ ናቸው። ደረጃው የሎረንስ ዘመን ሲሆን ጎብኚዎች አሁንም የሚወጡት በእርሱ ነው።